የጋሽ መኩሪያ ባዶ ሳጥኖች

ባለፈው ሰሞን ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ ስለነበር ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። ካፖርቱ ከሻንጣ የወጣው በዚያው ዕለት ጠዋት መሆን አለበት፣ የናፍታሊኑ ሽታ ታክሲውን ሞላው። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣ "ኧረ መስኮት ክፈቱ! ብል ብንሆን ኖሮ እስካሁን አልቀን ነበር" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መስኮቱ ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ አልከፈትኩም። ቸርችል ጎዳናን ወጥተን እስክንጨርስ አየሩን በረዥሙ እየሳብኩ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

ምን ላድርግ? ናፍታሊን በሸተተኝ ቁጥር የጋሽ መኩሪያ ሻርፕ ትዝ ይለኛል፤ ከሻርፑ ጋር ደግሞ ያ ክረምት ተከትሎ ይመጣል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ግቢያችን ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ካሉት አሮጌ የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነበር። ጋሽ መኩሪያን ከእኛ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ግድግዳ ለመባል ያህል እንጂ፣ እሳቸው ወዲያ ሲያስነጥሱ እናቴ ወዲህ ሆና "ይማርዎት" ትላቸው ነበር። የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። የሠፈሩ ወጣት ግማሹ በእሳቸው እጅ አልፏል። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ስኮትላንድ ተልከው ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ያን ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለበት የሱፍ ሻርፕ ይዘው የመጡትም ከዚያ ነው። በጋ የለ ክረምት የለ ከአንገታቸው አይጠፋም። አልፎ አልፎ ከአንገታቸው ሲወርድ ልጃቸው ሮማን ብል እንዳይበላው ናፍታሊን መሀል ትከተዋለች።

ጋሽ መኩሪያ በሠፈሩ የሚታወቁበት ሌላም ነገር ነበር። ሠርግ ካለ መራቂው እሳቸው ናቸው። ምርቃታቸውን ራሳቸው ገጥመውታል፣ ቤት ይመታል፣ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የአንድያ ልጃቸውን ሠርግ ለመመረቅ ግን ጥቂት ሲቀራቸው፣ ግንቦት ላይ አንድ ቀን ቁርስ እየበሉ ብርጭቆው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም።

ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። መንደርተኛው የመሰለውን ሁሉ አለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተኝቶ ቀርቷል፤ የሚነገራቸውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ መልሱ ግን ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል። "እ... እ..." ይሉና ደማቸው ፈልቶ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያ ሁሉ ቃል የነበረው ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት አንጀት ይበላ ነበር።

ሮማን እናቷ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እጮኛዋ ደረጀ ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ጋሽ መኩሪያም ገና ጤነኛ ሳሉ እሺ ብለው፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። በሕመሙ ምክንያት ሠርጉ ወደ ኅዳር፣ ከገና ጾም በፊት ተላለፈ። የደረጀ ቤተሰቦች፣ "እሳቸው መናገር ካቃታቸው አጎቷ ይመርቃት፣ ምን ችግር አለው?" አሉ። አጎቷ አቶ ተሰማም ፈቃደኛ ናቸው። ሮማን ግን፣ "ከአባቴ አፍ ምርቃት ሳልሰማ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ ድርቅ አለች። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር እንደሰማሁት፣ አንድ ጊዜ የተላለፈ ሠርግ ሁለተኛ ከተላለፈ ነገሩ ይበላሻል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ሥራ ሰጠችኝ። ሮማን ከመሥሪያ ቤት እስክትመለስ ጋሽ መኩሪያን መጠበቅ። "ሐኪሙ አናግሯቸው ብሏል፤ አንቺ ደግሞ ወሬ አያልቅብሽም" አለችኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዶፍ ይዘንብ ስለነበር የአባቴን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዤ ገባሁ። ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ አዩኝና ጥርት አድርገው "ጃንጥላ" አሉ።

በደስታ ልሞት! ሮማን እንደመጣች "ተናገሩ! ተናገሩ!" ብዬ ጮህኩ። ሮጣ ገብታ ፊታቸው ተንበረከከች። "አባዬ፣ እኔስ ማን ነኝ?" አፋቸውን ከፈቱ፣ "እ..." አሉ፣ ዘጉት። ወደ እኔ ዞረው እንደገና "ጃንጥላ" አሉ። ጃንጥላው እኮ በር ላይ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጃንጥላ ሆነ። የግቢው ልጆች መሳለቂያ አደረጉኝ፤ ዝናብ ባካፋ ቁጥር "ነይ ተዘርጊልን" ይሉኛል። እኔም ሰብለ የሚል የሚያምር ስም እያለኝ በዕቃ ስም መጠራቴ አናደደኝ። ሮማን ግን አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠራችኝ፣ "አንቺ ምን አለብሽ፣ ቢያንስ ይጠራሻል" አለችኝ።

መስቀለኛ ቃላት መሙላት ውስጥ የገባነው በእርድ ሰበብ ነው። እናቴ ሰይድ ሱቅ ልካኝ እርድ ገዝቼ ስመለስ ጋሽ መኩሪያ ቤት ጎራ አልኩ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ከመርካቶ በኪሎ የሚገዛውን አሮጌ የፈረንጅ ጋዜጣ እየቀደደ ቅመም ይጠቀልልበታል። ጋሽ መኩሪያ ጥቅሉን ሲያዩ ግራ እጃቸው እንደ ጭልፊት ተወርውሮ ነጠቀኝ። እርዱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው እርዱን ከምንም አልቆጠሩት፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነጭና ጥቁር ሳጥኖች ያሉበትን ቦታ በጣታቸው ይመቱ ጀመር።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ታሪኩን በደኅናው ጊዜ ሲያወሩ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስኮትላንድ ቤት ያከራዩዋቸው ባልቴት በየጠዋቱ ጋዜጣውን ከገንፎው ድስት አጠገብ ይዘረጋሉ። የመስቀለኛ ቃሉን ፍንጭ ያነባሉ፣ ወጣቱ መኩሪያ ቃሉን አግኝቶ እስኪናገር ድረስ ገንፎ ሳህኑ ላይ አይወርድም። "እንግሊዝኛ የተማርኩት ለሆዴ ስል ነው" ይሉ ነበር ጋሽ መኩሪያ፣ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ።

እርሳሱን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ግራ እጃቸው እሺ አላለም፤ መልሰው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። ሥራችን እንዲህ ተከፋፈለ። እኔ በአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ፍንጩን እያንከባለልኩ አነባለሁ፣ ሳበላሽ እሳቸው ጥርሳቸው እንደታመመ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ደግሜ አነባለሁ። ከዚያ የሳጥኖቹን ቁጥር በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እመታላቸዋለሁ። በዚያ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ግን አንድም ቃል አልወጣም። ጥቁሮቹ ሳጥኖች ደግሞ ያስፈሩኝ ነበር። አጎቴ አንድ ጊዜ ያሳየን የውጭ መጽሔት ውስጥ መንግሥት ያልወደደው ቦታ እንዲሁ በጥቁር ቀለም ተለቅልቆ አይቻለሁ። ሮማንን በሹክሹክታ፣ "እነዚህን ቃላት የሰረዛቸው ቀበሌ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሰይድ ነገሩን ሲሰማ ሳጥን ያለበትን ገጽ ሁሉ ሳይጠቀልልበት ያስቀምጥልኝ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን "ይቺ ትልቅ ናት" ብሎ አንድ የተቀደደ ገጽ ሰጠኝ። ለጋሽ መኩሪያ ዘረጋሁላቸው። አናቱ ላይ ያለውን ርዕስ በጣታቸው ተከትለው ሲያነቡ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ለበዓል ተብሎ የተዘጋጀ ሰፊ እንቆቅልሽ ነው፤ ወደ ጎን የሚሞላው ስለ ስኮትላንድ ባህል፣ ወደ ታች የሚወርደው ስለ ግጥም እንደሆነ ርዕሱ ሥር ተጽፏል። ጋዜጣው ራሱ የስኮትላንድ ነው። ከዚያ አገር ተነስቶ፣ በጆንያ ታስሮ፣ መርካቶ ደርሶ፣ ቅመም ሊጠቀለልበት ሲል እኛ ጋ መጣ።

አንዱ ፍንጭ ስለ ወንዶች ቀሚስ ይጠይቃል። ይህን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ ወጣቱ መኩሪያ ቀሚስ በለበሱ ሁለት ቀያይ ወንዶች መሀል ቆሞ የሚስቅበት ፎቶ አለ። ሰይድ ፎቶውን ያየው ዕለት፣ "ይሄማ ሽርጥ ነው! ሰዎቹ ወሎዬ ናቸው እንጂ ምን ስኮትላንድ ትላላችሁ" ብሎ ነበር። ሌላው ፍንጭ ስለ ምግብ ነው። መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ተረጎምኩት፤ የበግ ጉበት፣ ሳንባ፣ ሽንኩርት፣ ጨጓራ። ይሄማ ምን ያከራክራል? ዱለት ነው! በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ጻፍኩት። አንድ ሳጥን ተረፈ። ባዶ ከሚቀር ብዬ መጨረሻው ላይ ሌላ "ቲ" ጨመርኩበትና ወረቀቱን ኮራ ብዬ አሳየኋቸው።

የጋሽ መኩሪያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላ በሽታ የመጣባቸው መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ እየሳቁ ነው! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፣ በመጨረሻም ትንፋሻቸውን ሰብስበው "ሃጊስ" አሉ። እንደ ጃንጥላው እንዲሁ ያመለጣቸው አልነበረም። ቃሉ የተደበቀበትን ቦታ አግኝተው ጎትተው እንዳወጡት ነው ያሉት። ሳጥኖቹ ላይ ልክክ አለ። የወንዶቹ ቀሚስም በማግስቱ ወጣ፤ ከዚያ በአቅማዳ የሚነፋው ዋሽንታቸው፤ ከዚያ የሐይቃቸው ስም።

ቃላቱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ፤ ችግሩ ሁሉም የፈረንጅ መሆናቸው ነው። ሻይ ሲያምራቸው "ቲ"፣ ሲዘንብ "ሬይን"። ጎረቤት ሁሉ "መኩሪያ ፈረንጅ ሆኖ ቀረ" አለ። አማርኛው ግን ከእኔ ከጃንጥላዋ በቀር ዝር አላለም። ሮማን ጫማዋን እያወለቀች፣ "በእንግሊዝኛ የተመረቀች ሙሽራ የት አለች?" አለች አንድ ቀን። ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

የስኮትላንዱን ገጽ ወደ መጨረስ ስንቃረብ ወደ ታች የሚወርዱት ሳጥኖች ፍንጭ ያለበት ወገን ተቀዶ የቀረ መሆኑን አወቅን። የግጥሙ ፍንጮች በሙሉ የሉም። ጋሽ መኩሪያ የተቀደደውን ጠርዝ በጣታቸው እየነኩ አዩኝ። ሰይድ ጋ በረርኩ። ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ አስታወሰ፤ ጥቁር አዝሙድ ጠቅልሎበት፣ ለእትዬ ዘነቡ፣ ውቤ በረሃ።

እትዬ ዘነቡ አረቄ ቤት አላቸው። እናቴ በዚያ በኩል እንዳላልፍ "የእናቴን ሥጋ ያስበላኝ" አሰኝታ አስምላኛለች። በዚያ ላይ በማያውቁት መንገድ መሄድ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ጃንጥላዬን ይዤ፣ ጀርባዬን አቅንቼ ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ባንኮኒው ኋላ ቆመው ብርጭቆ ይወለውላሉ። ጋዜጣዬ ብርጭቆዎቹ ሥር መደርደሪያው ላይ ተነጥፏል!

"የማን ልጅ ነሽ? አባትሽን ከሆነ የምትፈልጊ እዚህ የለም" አሉኝ ገና በደንብ ሳያዩኝ።

"ጋዜጣውን ነው እትዬ። ለጋሽ መኩሪያ ነው፣ ለመምህሩ። ምላሳቸው እንዲፈታ።"

ፎጣውን አስቀመጡ። "የመኩሪያ አንደበት ተዘጋ የሚሉት እውነት ነው እንዴ?" አሉና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። "እኔን የዳረኝ እኮ እሱ ነው። ሲመርቅ አይተሽው ታውቂያለሽ? መጨረሻዋን ቃል እሱ አይላትም፤ ለእኛ ይተዋታል። 'ሳቅ እንጂ ጭቅጭቅ አይስማ...' ይልና እጁን እንዲህ ወደ ሰው ይዘረጋል፣ 'በሉ ጨርሱልኝ!' ይለናል። እኛ 'ጎረቤታችሁ!' ብለን እንጮሃለን።" ወረቀቱን አራግፈው አጠፉልኝ። "እኔ ላይ አልሠራም እንጂ። ባሌ ጎረቤቱን በሙሉ በጭቅጭቅ ነው ያስለቀቀው። የልጁ ሠርግ ሲደርስ ግን ንገሪኝ፣ እመጣለሁ።"

ስመለስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ጠመንጃ ያነገተ ረዥም ልጅ ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። "ምን ዓይነት ምስጢር ጽሑፍ ነው ይሄ?"

"መድኃኒት ነው" አልኩ።

"የምን መድኃኒት?"

"የጋሽ መኩሪያ። ቃሉን ሳጥኑ ውስጥ ሲያስገቡት ከአፋቸው ይወጣል።"

ሊያስረኝ ነው ብዬ ለማልቀስ ስዘጋጅ ወረቀቱን በእጥፋቱ ልክ አጥፎ መለሰልኝ። "እኔንም አስተምረውኛል" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዓረፍተ ነገር ይጀምሩና 'በሉ ጨርሱልኝ' ይሉን ነበር። እኔ አንድም ቀን ጨርሼላቸው አላውቅም። ሂጂ፣ ዝናብ ሳይመጣ ግቢ።"

የግጥሙ ፍንጮች አብዛኞቹ ከአቅሜ በላይ ነበሩ። አንዱ ግን አንድ ሙሉ ስንኝ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ብቻ ወጥቶ በምትኩ ነጥብ ነጥብ ተደርጎበታል። እንደምንም አነበብኩት። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው የጎደለውን ቃል አሉ። ልጽፍ ጎንበስ ስል አላቆሙም። ቀጣዩን ስንኝ አሉ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሳይደናቀፉ፣ ሳይንተባተቡ፣ እንደ ውሃ እየፈሰሰ። ወንዝና ኮረብታ የሚሉትን ቃላት ለይቻለሁ፣ ሌላው አልገባኝም። እርሳሴን ይዤ እንደ ሞኝ አፌን ከፈትኩ።

ቀና ስል ሮማን በር ላይ ቆማለች፤ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ግጥሙ እስኪያልቅ ጠበቀች። "አባዬ፣ ለኔስ?" አለች። ጋሽ መኩሪያ አዩዋት። አፋቸው ተከፈተ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ "እ... እ..." አሉ። ሮማን ሻርፓቸውን አስተካክላላቸው ወደ ጓዳ ገባች። በዚያው ሳምንት አጎቷን፣ "እሺ፣ እርስዎ ይመርቁኝ" አለቻቸው። ቅስሟ እንደተሰበረ እኔ እንኳ ገብቶኛል።

ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ መሸጥ ሲጀምር የግቢው ሴቶች ልጆች ተሰብስበን ሠርግ ሠርግ እንጫወት ነበር። የሙሽራ አባት የምትሆን ስትጠፋ ጋሽ መኩሪያን አስፈቅጄ ሻርፓቸውን ተጠመጠምኩ። ናፍታሊኑ ዓይኔን አቃጠለው። ድምፄን አጎርንኜ፣ ሆዴን ወደፊት አድርጌ፣ ልክ እንደሳቸው፣ "ቤታችሁ ይሙላ፣ ደጃችሁ..." አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈርሰው አንዳቸውም አልመለሱልኝም።

"ይስፋ" አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ዞርኩ። ጋሽ መኩሪያ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከእኔ ባልተናነሰ ደንግጠዋል። ቀስ ብዬ ተጠጋሁና በጆሯቸው፣ "እንግዳ አይታጣበት፣ እሳቱም..." አልኩ።

"አይጥፋ" አሉ። በአማርኛ!

ሌላ ልጅ ብትሆን ሮጣ ለሮማን ትናገር ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ አስብ ነበርና አልተናገርኩም። የፈረንጁን ግጥም ዘረገፉና ለሮማን የሚሉት አጡ አይደል? የተሞላ ሳጥንስ ሁለተኛ ይሞላል? ቃሉ ልክ አለው ማለት ነው፤ ዛሬ በጨዋታ ካለቀ ለሠርጉ ቀን ምን ይተርፋል? ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሳቸውም የግራ እጃቸውን ጣት ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸው ይስቅ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ሠርግ ሠርግ መጫወት በግቢያችን ታገደ። ቀበሌ እንኳ እንደ እኔ አጥብቆ ነገር አግዶ አያውቅም። እስከ ኅዳር ድረስ ያን ምርቃት በግቢው ውስጥ ትንፍሽ ያለች ልጅ ከእኔ ጋር ተቧቅሳለች።

የሠርጉ ዕለት እሑድ ነበር። በሰዓት እላፊ ምክንያት ሁሉም ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ ስላለበት ምሳው በጊዜ ተበላ። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶት የእኛ በር እንኳ አይከፈትም። እትዬ ዘነቡ ወርቃቸውን አጥልቀው መጥተዋል። ረዥሙ አብዮት ጥበቃ ከነጠመንጃው ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። ሮማንና ደረጀ የጋሽ መኩሪያን ጉልበት ስመው ተንበረከኩ። አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሱና እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሽ መኩሪያ ግራ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ከዘራቸውን ይዘው በዝግታ ተነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። "እ..." አሉ። "እ... እ..." ላብ በግንባራቸው ወረደ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ተሰማ ትከሻቸውን ነካ አድርገው፣ "ተው መኩሪያ፣ ይበቃል፣ እኔ እመርቅልሃለሁ" አሏቸው። ሮማን ካቀረቀረችበት ቀና አላለችም።

እኔ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እናቴ ትቆጣኛለች፣ ቢቀርስ? ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩና ወደሳቸው ወጣሁ።

"ቤታችሁ ይሙላ፣ ደጃችሁ..." ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። እጄን እሳቸው ወደ ሰው እንደሚዘረጉት ወደሳቸው ዘረጋሁ። "ጋሼ፣ ይጨርሱልን።"

"ይስፋ" አሉ።

ሁለት ሦስት ሰው ግር እያለው አሜን አለ።

"እንግዳ አይታጣበት፣ እሳቱም..." አሁን ብቻዬን አልነበርኩም፤ የእትዬ ዘነቡ ጎርናና ድምፅ ከጎኔ አለ።

"አይጥፋ!"

"አሜን!" አለ ድንኳኑ። ነገሩ ለሁሉም ገባው። ስንት ሠርግ ላይ እሳቸው ጀምረውላቸው ሲጨርሱ የኖሩ ሰዎች በአንድ አፍ ጀመሩላቸው። ተማሪዎቻቸው፣ ጎረቤቱ፣ ሰይድ፣ በር ላይ ያለው ጠመንጃ ያዥ ሳይቀር፣ "ክፉ ቀን ይለፋችሁ፣ ደግ ቀን..."

"ያግኛችሁ!"

"ሳቅ እንጂ ጭቅጭቅ አይስማ..."

"ጎረቤታችሁ!" አሉ ጋሽ መኩሪያ። እትዬ ዘነቡ እያለቀሱ ሳቁ።

ምርቃቱ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ማንም የሚጀምርላቸው ነገር የለም፤ ስንኙ እዚህ ጋ ያበቃል። ጋሽ መኩሪያ ግን አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ለአቶ ተሰማ ሰጥተው ደኅናውን እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ። ጠበቅን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ተንቀሳቀሰ።

"ሮማን" አሉ። "ሮማንዬ።"

"አቤት አባዬ!" አለች ሮማን፣ ፊቷን ጉልበታቸው ውስጥ ቀብራ። እልልታው ከድንኳኑ አልፎ አደባባዩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አቶ ተሰማ ደስታቸው ልክ አጣ። እኔን በክንዴ ጎትተው ፊታቸው አቆሙኝና፣ "ይቺንስ? የይቺ ልጅ ስም ማነው?" አሉ። ጋሽ መኩሪያ ለረዥም ጊዜ አዩኝ። ያን ሁሉ ወር የጠበቅኳት ቃል አሁን ልትመጣ ነው፤ ሰብለ ሊሉኝ ነው፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

"ጃንጥላ" አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ አፍራ፣ "ሰብለ ናት እኮ ጋሼ፣ ሰብለ!" አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በአንድ እጃቸው እየታገሉ አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። ናፍታሊኑ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ቃል በቃል አድርገው ደገሙት።

"ጃንጥላ።"

"አቤት" አልኩ።